ለሽማግሌው ራትሬይ ያልደረሰችው ጨረቃ

ለውድ ታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ ለቭዴይ፤

እንዴት ነሽልኝ እትዬ? ለወጉ አይደለም፣ ከልቤ ነው የምጠይቅሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? ባለፈው ደረጃ ስትወጪ ይወጋኛል ብለሽ ነበር፤ አሁን ቀለል አለሽ? እማማ እንዴት ሰነበተች? ወንድማችንን ጃጎን ከማዕድኑ የያዘው ሳል ለቀቀው ወይስ አሁንም ግድግዳ እስኪነቀንቅ ያስለዋል? ይህ ወረቀት ሁለት ወር ግድም በባሕር ተንገላቶ ሲደርስ ሁላችሁንም በደኅና ያግኛችሁ። እኛ ደኅና ነን። ልጃችን ታምሲን ከትከሻዬ አልፋለች፤ ጫማ አልበቃ እያላት ተቸግረናል። ዛኪም ሰውነቱ ደኅና ነው። ሰውነቱ ያልኩት በምክንያት ነው፤ እደርስበታለሁ።

ባልሽ የገባበት ማኅበር ምንድን ነው ብለሽ ከጠየቅሽኝ ዓመት አለፈ። መልስ ያልሰጠሁሽ ረስቼው አይደለም፤ ስለ ፍሪሜሶኖች ከጀመርኩ አፌ ስለማያርፍ ነው። ጎረቤቴ ሚስስ ኮስቴሎ፣ የዳቦ ቤቷ ባለቤት፣ በር ዘግተው ፍየል ይጋልባሉ ትላለች። ስብሰባ ባለ ቁጥር በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ "ያንቺው ሰውዬ ዛሬም ፍየሉን ሊጋልብ ሄደ?" ትለኛለች። ዛኪን ስለ ፍየሉ ስጠይቀው "መሐላ አለብኝ" ብሎ ጢሙን ያሻሻል። አሥራ ሰባት ዓመት አብሬው ኖሬ ከእኔ የደበቀው ነገር ፍየል ይሁን?

ማኅበሩን እዚህ ወንዳቡላ ያቆመው ሽማግሌው ራትሬይ ነው። ስኮትላንዳዊ ነው፤ በአገሩ ድንጋይ ጠራቢ ነበር። እዚህ ግን የሚጠረብ ድንጋይ ስላልነበረ ለበግ አርቢዎቹ የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍር ኖረ። እነዚህ ሰዎች ምልክታቸው የግንበኛ መሣሪያ ነው፤ ከሁሉም መካከል ግን በእጁ መዶሻ ይዞ ግንብ የሠራ እሱ ብቻ ነበር። በወጣትነቱ አገሩ ሳለ ምሏል፤ እዚህ ሲመጣ በአቅራቢያው ያለው ማኅበር ስልሳ ማይል ይርቃል። ስለዚህ የራሳችንን እናቁም አለ።

ማለቱስ ቀላል ነው። ማኅበር ለመመሥረት ቀድሞ ሌላ ቦታ የማሉ ሰባት ሰዎች ፈርመው ሲድኒ ያሉትን አለቆች ፈቃድ መጠየቅ አለባቸው። በእኛ አገር ሰባት ሰው ለማግኘት ደግሞ ስንት ቀን ይጋለባል! ሽማግሌው በዚያች ግራጫ በቅሎው ከእርሻ እርሻ እየዞረ የአገሩን ወንድ ሁሉ እጅ ጨበጠ፤ አጨባበጣቸው ነውና መተዋወቂያቸው። ሚስስ ኮስቴሎ "ይኼ ሰውዬ ለምርጫ ሊወዳደር ነው" ትል ነበር። ስምንት ዓመት ፈጀበት። አምስት ሲያገኝ አንዱን ጎርፍ ወሰደበት፤ ስድስት ሲሞሉለት አንዱ ከብት እየነዳ ኩዊንስላንድ ገብቶ ቀረ።

ሰባተኛውን ያገኘው እኛ ቤት ነው። መቆፈሪያውን ሊያስሞርድ ዛኪ ዘንድ መጣ፣ እጁን ጨበጠው፣ ከዚያ ሁለቱም ሳይላቀቁ ቀሩ። እኔ ሻይ ይዤ በሩ ላይ ቆሜአለሁ። ሽማግሌው ዓይኑ እንባ ሞላ፤ የእኔው አንጥረኛ እንደ ሙሽራ ፊቱ ቀላ። ለካስ እዚያው ኮርንዎል ሳለን፣ ሳያገባኝ በፊት፣ ምሎ ኖሯል! አንቺም አታውቂ፣ እኔም አላውቅ።

ማመልከቻውን ማን የጻፈው ይመስልሻል? እኔ ነኝ፣ በወጥ ቤቴ ጠረጴዛ። ሽማግሌው መጻፍ እምብዛም አይሆንለትም፣ የዛኪን ጽሕፈት ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ዶሮ የጫረችው ነው። ራትሬይ እየነገረኝ እኔ እጽፋለሁ። "ልጄ፣ የሴት እጅ እንደጻፈው ሲድኒ ያሉት ቢያውቁ መጥተው በቆፈርኩት ጉድጓድ ይጥሉኛል" እያለ ይስቅ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜን ትቶ "ጸሐፊዬ" ይለኝ ጀመር። በስብሰባ የሚታጠቋቸውን ሽርጦችም የሰፋሁት እኔው ነኝ፤ ሰባት የጠቦት ቆዳ በእጄ አልፍቼ፣ ነጭ አድርጌ። ዛኪ ማዕዘን መለኪያውንና ኮምፓሱን ከአሮጌ የጋሪ ብረት ቀጠቀጠ። ከሱፍ መጋዘኑ በላይ ያለችውን ክፍል ጠርገው ገቡባት።

የመጀመሪያው አለቃ ሽማግሌው ይሁን ሲሉ እሱ እምቢ አለ። "ዶክተሩን አድርጉ፤ ሲድኒ ዶክተር ይፈራሉ" ብሎ የዶክተር ሌድቤተርን ስም አጻፈኝ። ለራሱ በር ጠባቂነቱን ወሰደ። አየሽ፣ ስብሰባ ሲሆን አንድ ሰው ከውጭ ቆሞ በሩን ይጠብቃል። ስምንት ዓመት ለፍቶ ያቆመውን ማኅበር ሦስት ዓመት በብርድ ከደጅ ጠበቀው። ዘንድሮ ግን ሁሉም በአንድ ቃል አለቃ አድርገው መረጡት። በአለቃነቱ ወንበር የሚያስቀምጠው የዚያው የስልሳ ማይሉ ማኅበር አለቃ ነበር፤ ለሰኔ እመጣለሁ አለ። ሽማግሌው ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ አዲስ ኮት አሰፋ።

እንግዲህ አሁን ወደ እኔ ጉድ ልምጣ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው።

ሲድኒ የላኩት የፈቃድ ወረቀት፣ ማኅተምና ሰማያዊ ጥብጣብ ያለው ትልቅ ብራና፣ በቆርቆሮ ቱቦ ተጠቅልሎ የሚቀመጠው እኛ ቤት ቁም ሣጥን ላይ ነበር፤ የሱፍ መጋዘን እሳት ያሰጋዋልና። ዛኪ ጸሐፊያቸው ስለሆነ ጠባቂው እሱ ነው። አንድ ቀን አቧራውን ስጠርግ "ተጠንቀቂ፤ ይህ ወረቀት ክፍሉ ውስጥ ከሌለ ማኅበሩ አይከፈትም። ያለ እሱ እኛ ኮት ለብሰን የተቀመጥን ሰባት ወንዶች ነን" አለኝ። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባል የለ? ማጭዱን ያዋሰኝ ያን ቀን ነው።

ሆዴን ያስባሰችው ጨረቃ ናት። እዚህ በሌሊት የሚጋልብ ሰው መንገዱን የሚያየው በእሷ ነውና ማኅበሩ የሚሰበሰበው ለሙሉ ጨረቃ በቀረበው ቅዳሜ ነው። ዳንሱም ያው በዚያው ቅዳሜ ነው፤ ጨረቃዋ አንድ፣ ፈላጊዋ ብዙ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከተማው ሲጨፍር እኔ ከሚስስ ኮስቴሎ ጋር ሳንድዊች ስቆርጥ ኖርኩ። ዘንድሮ ለሆስፒታሉ መርጃ ትልቅ ዳንስ ተዘጋጀ፤ አረንጓዴ ቀሚስ ሰፋሁ፤ ዛኪም አብረን እንሄዳለን አለኝ። በሳምንቱ መጥቶ "ቲርዛ፣ ለካ የራትሬይ ቀን ነው" አለ። ቀሚሱን አጥፌ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ብጮህበት ኖሮ ይሻል ነበር።

አርብ ዕለት ወረቀቱን ከቱቦው አወጣሁት፤ በጨርቅ ጠቅልዬ ዱቄት በርሜሉ ውስጥ ቀበርኩት፤ ባዶውን ቱቦ መልሼ ሰቀልኩት። ክፋት አላሰብኩም እትዬ፤ አንድ ምሽት ብቻ ነው የፈለግኩት። ሽማግሌውን በሚቀጥለው ቅዳሜ ያስቀምጡታል ብዬ አሰብኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጨረቃ እንደማትኖር፣ እንግዳውም ስልሳ ማይል በጨለማ እንደማይመለስ ልቤ አላለኝም።

ቅዳሜ ማታ ቱቦውን ሲከፍቱት ባዶ። ዛኪ እየሮጠ መጥቶ ቤቱን ገለባበጠው፤ እኔም አብሬው የምፈልግ መሰልኩ። እንግዳው አለቃ ወረቀት ከሌለ አይሆንም አለ፣ በቃ። ራትሬይ ያን አዲስ ኮቱን እንደለበሰ ተነሥቶ ሁሉንም አጽናና አሉ። "እኔ ስንት ዓመት ጠብቄያለሁ፤ አንድ ወር ምንድን ነው? ይልቅ ሂዱና ከሚስቶቻችሁ ጋር ጨፍሩ" አላቸው። ስለዚህ ዛኪን አገኘሁት። እንደ ታመመ ፈረስ እግሩን እየጎተተ አንድ ዙር ጨፈረና ጥግ ይዞ ተቀመጠ።

ሽማግሌው ግን መጣልሽ። ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ አለና ጸሐፊዬን አንድ ዙር ስጡኝ አለ። ጨፈርን። ቀላል እግር ነበረው። ዙሩ ሲያልቅ እጄን እንደያዘ "ለዚህ ወር ጨረቃዋን አንቺ ውሰጃት፣ ልጄ። የሐምሌዋ የእኔ ናት" አለኝ። የማውቀውን ያውቅ ይሆን ብዬ ደነገጥኩ፤ ዓይኑን ባየው ደስታ ብቻ ነው። ያኔ ልናገር እችል ነበር። እንግዳው ገና አልሄደም፣ በርሜሉም መቶ እርምጃ አይርቅም። ቀሚሴን አሰብኩና ወደሚቀጥለው ዙር ገባሁ።

በማግሥቱ ወረቀቱን አራግፌ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ሸጎጥኩትና "ይኸው፣ ወድቆ ነው!" ብዬ ጮህኩ። ዛኪ እኔው ነኝ የጣልኩት ብሎ አመነ። ሽማግሌው ወደ ቁፋሮው በዝናብ ተመለሰ፤ ሃያ ማይል ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደረቱን ታሞ በጋሪ አመጡት። የበግ ሾርባ ይዤለት ሄድኩ። "ጨረቃዋ ስንት ቀኗ ነው?" አለኝ። ሦስት ቀኗ ነው አልኩት። "እንግዲህ ቶሎ አሳድጊያት" አለና ፈገግ አለ። ማንኪያውን ወደ አፉ አደረስኩ፤ የእኔ አፍ ግን አልተከፈተም። በማግሥቱ ሞተ፤ ጨረቃዋ ልትሞላ አሥር ቀን ሲቀራት።

የሰፋሁትን ሽርጥ ሬሳ ሣጥኑ ላይ አኖሩለት። ስድስቱም ያበበ የግራር ቅርንጫፍ እየያዙ ተራ በተራ ጉድጓዱ ውስጥ ጣሉ፤ ልማዳቸው ነው። ስንቱን ጉድጓድ የቆፈረ ሰው በመጨረሻ ለእሱ ተቆፈረ። ዛኪ ከመቃብሩ ጫፍ አልነሣ ብሎ ዶክተሩ በክንዱ ደግፎ አመጣው።

ከቀብሩ በኋላ ዛኪ ጸሐፊነቱን ተወ። ወረቀት የጣለ ሰው ወረቀት አይያዝም አለ። ማንም አልወቀሰውም፤ ራሱ ነው በራሱ የፈረደው። ዶክተሩ ቱቦውን ሊረከብ መጥቶ ብራናውን ጠረጴዛዬ ላይ ሲዘረጋው ከጥብጣቡ እጥፋት ነጭ ነገር ቡን አለ። ዶክተሩ እፍ ብሎት "ሚስስ ትሬምባዝ፣ እርስዎ ቤት ሕጉም ይጋገራል እንዴ?" ብሎ ሳቀ። ዛኪ አልሳቀም። ጥብጣቡን አየ፣ ከዚያ ጣቱን አየ፣ ከዚያ ወደ ምድጃው ሄዶ ጀርባውን ሰጠኝ። ያን ጊዜ ያወቀ ይመስለኛል። ወይም አላወቀም። እስከ ዛሬ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም።

የሐምሌዋ ቅዳሜ ደረሰች። ወንዶቹ በጨረቃ ሲያልፉ በመስኮት አየኋቸው፤ ወንበሩን ባዶ ትተው ነው የተሰበሰቡት አሉ። ዛኪ ቤት ዋለ፣ ቤት አመሸ። አሁን ማታ ማታ አይወጣም፤ የተሰበረ ወንበር ይጠግናል፤ ያልተሰበረውንም ይጠግናል። የለመንኩትን አገኘሁ እትዬ፣ ባሌ ቤት ነው። ሚስስ ኮስቴሎ በአጥሩ ብቅ ብላ "ምነው፣ ፍየሉ ጣለው እንዴ?" ስትለኝ ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቅሁላትም። አረንጓዴዋን ቀሚስ ለታምሲን አጠበብኳት።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ሁለቱንም ሆኜ ነው የከረምኩት፤ አሁን ልልቀቅ። ደብዳቤዎቼን ሰሙን በምድጃው አቅልጦ የሚያሽጋቸው፣ ሰኞ ሰኞም ለፖስታው ሠረገላ የሚያደርሳቸው ዛኪ ነው። አንድ ቀን እንኳ አንብቦ አያውቅም። ይህን ግን ክፍቱን እሰጠውና አንብበው እለዋለሁ። ፊት ለፊት ልነግረው ሦስት ጊዜ ሞክሬ አፌ ከዳኝ፤ እጄ ግን እንደምታውቂው መጻፍ ይችላል። ታሽጎ ከደረሰሽ ያሸገው አንብቦ ነው ማለት ነው።

እማማን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ፤ የላከችው የሱፍ ካልሲ ደርሶኛል፣ ዛሬም አድርጌዋለሁ። ጃጎን ደረቱን ከብርድ ይጠብቅ በይው፤ ቀልዴን አይደለም። ልጅሽ ኬራ ለጋብቻዋ እንኳን ደስ ያላት፤ ከባሏ ጋር ሳይጨፍሩ እንዳይከርሙ፣ ካልጨፈሩም ቁጭ ብለው እንዲጣሉ ንገሪያት። ለትንሹ ልጅሽ ለሄድሊ ታምሲን የወፍ ላባ ልካለታለች፣ ወረቀቱ እጥፋት ውስጥ ነው። ሚስስ ኮስቴሎም ሳታውቅሽ ሰላም ትልሻለች።

የዛኪን ሰላምታ እኔ አልጽፍልሽም። ከስሜ በታች ቦታ ትቼለታለሁ፤ ከፈለገ ራሱ ይጻፍልሽ። ባዶውን ከመጣ ደግሞ አትዘኝበት፣ እትዬ።

እህትሽ ቲርዛ ትሬምባዝ

ወንዳቡላ፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ
እሑድ፣ ሐምሌ 21 ቀን 1889