ታስረው ያውቃሉ?

ለምወድሽ እናቴ፣

አባዬ ስልክሽን ለምን አያነሳም ብለሽ ሳትጨነቂ አልቀረሽም። አልታመመም፣ አይዞሽ። እግርሽስ እንዴት ሆነልሽ? አክስቴ እታፈራሁ መርፌውን እንደጀመርሽ ነግራኛለች። እኛ በጌታ ቸርነት ደህና ነን። እዚህ ሪችፊልድ በረዶው ገና አልለቀቀም፤ አባዬም እንደ ድሮው ከኤርፖርት መንገደኛ ያመላልሳል።

የምጽፍልሽን በስልክ ያልነገርኩሽ ቤታችን ጠባብ ስለሆነና እሱ ስለሚሰማ ነው። ደብዳቤውን የምታደርስልሽ የመዘምራኗ ሊና ናት።

እማዬ፣ የዜግነት ፎርሙን የሞላሁለት እኔ ነኝ። አያቴን ልታስታምሚ ሄደሽ ግሪን ካርድሽ ካለፈበት ወዲህ፣ እሱ ዜጋ ቢሆን ቶሎ ያመጣሻል ብዬ እቸኩላለሁ። «ታስረው ያውቃሉ?» የሚለው ጋ ስደርስ፣ አባዬን ደግሞ ማን ያስረዋል ብዬ ሳቅሁና ሳልጠይቀው «የለም» ላይ ምልክት አደረግሁ። እሱም እኔን አምኖ ፈረመ።

ከዚያ ሦስት ወር ሙሉ አስጠናሁት። ለምን ተመረቅሁ ታዲያ! ሦስቱን የመንግሥት አካላት፣ ሴናተሮቹ መቶ መሆናቸውን፣ ሁሉንም በቃሉ ያዘ። ፕሬዚዳንቱም ከሕግ በታች ነው ስለው፣ «እሱ ያውቃል?» ይለኛል። የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ማሻሻያ ላይ ስንደርስ፣ እዚህ አገር ሰው የልቡን ቢናገር አይታሰርም ብዬ ደጋግሜ ነገርኩት።

የቃለ መጠይቁ ቀን ውጭ ሆኜ ጠበቅሁት። የሆነውን የነገረኝ ሲወጣ ነው። ጠያቂዋ ሴትዮ በዚያው ማሻሻያ ካሉት መብቶች አንዱን ይንገሩኝ አለችው። «የሃይማኖት ነፃነት» አላት። ይኸው ይበቃ ነበር። እሱ ግን ጨመረበት፦ «ለእሱ ታስሬ ነበር።» በደርግ ጊዜ፣ ነቀምት፣ ሰው ቤት ሲጸልዩ ተይዘው። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰምቼው አላውቅም።

ሴትዮዋ ፎርሙን ወደ ኋላ ገልጣ «የለም» ያለው ማነው ብትለው፣ እኔ ነኝ አለ። እውነት ሊናገር እጁን አንስቶ በማለ በሩብ ሰዓት ውስጥ፣ ለእኔ ሲል ዋሸ።

አሁን ከኢሚግሬሽን ደብዳቤ መጥቷል። የታሰረበትንና የተፈታበትን ወረቀት በሰላሳ ቀን ካላመጣ ማመልከቻው ይወድቃል፤ የአንቺም መምጣት አብሮ። ይግባኙን፣ ጠበቃውን፣ መብቱን ሁሉ እንደ መዝሙር በቃሌ እወጣዋለሁ፤ አንዱም አልጠቀመኝም። አባዬ ወረቀት የለኝም ብሎ ድርቅ አለ። ስነዘንዘው፣ ድራይቭ እያደረገ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ «አብረውኝ የተያዙት እነ ገመቺስ ስድስት ዓመት ታስረው ተቀመጡ። እኔ በአራተኛው ወር ፈርሜ ወጣሁ» አለኝ። ምን ላይ ፈርመህ አልኩት። ሬዲዮውን ከፈተ።

ባለፈው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ከሽማግሌዎቹ ጋር ፊት መቀመጡን ትቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ።

እማዬ፣ አንቺ ወረቀት አትጥይም። የቆርቆሮ ሳጥንሽን እስከ ታች ፈትሺልኝ። ካገኘሽው በፖስታ አሽገሽ ለሊና ስጫት፤ በሁለት ሳምንት ትመለሳለች። ወደ እንግሊዝኛ መተርጎም አለበት። እኔ አልተረጉመውም፣ አላነበውምም። ከቤተ ክርስቲያናችን ውጭ የሆነ፣ አባዬን የማያውቅ ሰው ፈልጌያለሁ። ይህንን ለአባዬ ንገሪው። ባያነሳም ደውይለት።

ጌታ እግርሽን ያጽናልኝ፣ ደጅሽን ይጠብቅልኝ። ወረቀቱ ባይገኝም እንኳ መልስ ጻፊልኝ።

ሳትጠይቅ የሞላችው ልጅሽ