እስከ አፉ የሞላው ጠርሙስ

የካቲት 6 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ሰኞ

«ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ የላቦራቶሪ ተማሪዎች የሽንት ማይክሮስኮፕ ልምምድ ቀርቷል። ስትሪፕ ስላለ፣ ለዚህ የሚባክነው ሰዓት ወደ ኮምፒውተር ትምህርት ተዛውሯል። ስለ ኩላሊትም ‹ማጣሪያ ነው› የሚለው ለደረጃቸው በቂ ነው።»

ቃል በቃል ነው የገለበጥኩት። ስትሪፕ የሚለው ሽንት ውስጥ ሲነከር ቀለሙ የሚለወጥ ቁራጭ ወረቀት ነው። ፊርማው የበፍቃዱ ነው፣ የጤና ኮሌጃችን ምክትል ዲን። ለእኔ አልሰጠኝም። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፈው። ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማርኩት ትምህርት መቅረቱን ከተማሪዎች ክበብ የምግብ ዝርዝር አጠገብ ቆሜ አነበብኩ።

«የሚባክነው»... «ለደረጃቸው»... የማን ደረጃ?

ቢሮው ሄድኩ። «መምህር ልዑልቃል፣ እርስዎን የሚነካ ነገር እኮ አይደለም፤ አሠራር ነው» አለኝ። ማይክሮስኮፖቹስ? «እናየዋለን።»

ባለቤቴ እሙሽ እራት ላይ ወጡ ጨው አንሶት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ምን እንደበላሁ አላውቅም አልኳት። ተቆጣች። እውነቷን ነው። ማታ ለበፍቃዱ ደብዳቤ ጀመርኩ።

የካቲት 7፣ ማክሰኞ

ማስታወቂያው አሁንም አለ። አንዱ ጥግ ላይ የሰው ስልክ ቁጥር ጽፎበታል።

የካቲት 9፣ ሐሙስ

ለውጡ የሚጀምረው ሰኞ ነው። የዛሬው የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ የእኔ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ስወጣ ያመጣኋቸውን የኩላሊት ስላይዶች አወጣሁ። ቀለማቸው ደብዝዟል፣ ግን ይታያሉ።

መጀመሪያ ልቃቂቷ። ግሎሜሩለስ። እንደ ክር የተጠቀለለች የደም ሥር፣ ጽዋ በሚመስል ከረጢት ውስጥ። በላይዋ ባለ እግር ሴሎች ተቀምጠዋል፤ በእግሮቻቸው መሃል ባለው ቀዳዳ ውኃና ጨው ይወርዳል፣ ደሙና ፕሮቲኑ ይቀራል። እስከዚህ ድረስ ማጣሪያ ናት። ይሁን።

ከዚያስ? በመስኮት አሳየኋቸው። ሰው የውኃ ቦቴ እየጠበቀ ባለ ሃያ ሊትር ቢጫ ጀሪካን ደርድሯል። በቀን ከደማችሁ ተጣርቶ የሚወርደው ዘጠኝ ጀሪካን ይሞላል አልኳቸው። ሳቁ። ዘጠኝ ጀሪካን የሚሸና ማን አለ?

ከዶሎ ኦዶ የመጣች ልጅ እጇን አነሣች። «ቲቸር፣ ሊያስቀረው ከሆነ ለምን መጀመሪያውኑ ያወርደዋል?»

ስንት ዓመት አስተምሬ እንዲህ አድርጎ የጠየቀኝ የለም። ሁሉንም አውርዶ የሚፈልገውን መልሶ መልቀም... ጣል የሚባለውን ሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ስለማይቻል ነው? አዲስ መርዝ ቢመጣ ማንም ሳይነግረው ይወጣል። እንዲህ ብዬ መለስኩላት፣ ግን እስካሁን አስበዋለሁ።

የሚለቅመውን አሳየኋቸው። ከጽዋዋ የሚነሣው ጥምዝ ቧንቧ ግድግዳው በሙሉ ብሩሽ ነው፣ ጠጉር በጠጉር። ከወረደው ውኃ ሁለት ሦስተኛውን እዚያው ይመልሳል። ከዚያ ቧንቧው ወደ ውስጥ ጠልቆ ይታጠፍና ይመለሳል። «እንደ ቦረና ኤላ፣ እንደ ውኃ ጉድጓዱ፣ ጥልቅ ነው» አልኩ። ግን ምሳሌዬ አንድ ቦታ ላይ ይበላሻል። ኤላ ሲጠልቅ ውኃ ይገኛል፤ ኩላሊት ውስጥ ሲጠልቅ ጨው ይበረታል። ያ ጨው ነው ከሽንቱ ላይ የመጨረሻዋን ውኃ ስቦ ለሰውነት የሚያስቀረው። ውኃ ለማዳን ጨው መቆለል... ማን ያስበዋል?

እና ይሄ «ማጣሪያ ነው»።

የካቲት 11፣ ቅዳሜ

ጎሊቻ መጣ። የልጅነት ጓደኛዬ። አባቴ እዚህ ነገሌ ጦር ሠፈር ሃምሳ አለቃ በነበረ ጊዜ አጥር እየዘለልን የምንገናኝ። አሁን ከብቶቹ ከከተማ ራቅ ብለው ናቸው፤ የገበያ ቀን ይመጣል።

«አካም፣ ናጋ?» አለ በሩ ላይ። ፊቱን ሳይ ደነገጥኩ። ዓይኑ አብጦ ጠቧል።

«ንብ ነደፈህ?»

«ንብ የት አለ በዚህ ድርቅ? ጠዋት ጠዋት እንዲህ ነው። ጫማውም እንቢ አለኝ።»

«ሽንትህስ?»

«አንተ! ሰው ገና ሳይቀመጥ? ስንት ዓመት ሽንት ታያለህ? ቀና ብለህ ሰማይ እይ፣ ዝናብ መምጣቱን ንገረን።»

«ሽንትህን ጠየቅኩህ።»

«ኮካ ነው የምሸናው። እሱም ጠብታ።»

እኔ ጋ የመጣው ክሊኒክ ደርሶ ነው፣ ገበያው ጋ ካለው የግል ክሊኒክ። ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ፦ «ሽንት፦ ደህና። ድካም ነው።» እሱም እፎይ ብሏል። ከብቶቹን ይዞ ሩቅ ሊሄድ ነው፣ ሣር አለ ወደተባለበት። ሰኞ ይነሣል።

ደህና? ኮካ የሚሸና ሰው?

እዚያው የምትሠራው ከሚላ ተማሪዬ ነበረች። ጥንቁቅ ልጅ ናት። ሄድኩባት።

«ማይክሮስኮፕ ላይ አይተሽዋል?»

«ቲቸር፣ በስትሪፕ ጨርሱ ተብለናል። ሰልፉን ይዩታ!»

«ስትሪፑስ ምን አለ?»

«ደሙ ጋ ትንሽ አረንጓዴ ነገር... ግን በጣም ፈዛዛ ነው። ከ‹ምንም› ቁጥር አስገባሁት።»

ጠርሙሱ አልተደፋም። የጎሊቻ ስም በፕላስተር ተለጥፎበታል። እስከ አፉ ሞልቷል። ቀለሙ ደግሞ... በጣም የቀጠነ ሻይ። ኮካ የታለ? ጠብታውስ የታለ? ሌላ ሰው እንዳይሆን ብዬ ጠየቅኳት። «ራሱ በሁለት እጁ ነው የሰጠኝ» አለች።

ተሸክሜው ኮሌጅ ገባሁ። የሽንት ውፍረት የምትለካውን ተንሳፋፊ መለኪያ ጣልኩበት፤ ውኃ ላይ እንደጣልኳት ያህል ሰመጠች። በዚህ በረሃ፣ በዚህ ወር፣ እንዲህ የቀጠነ ሽንት? ሴንትሪፉጅ ውስጥ አሽከርክሬ ዝቃጩን በማይክሮስኮፕ አየሁ። ባዶ። ብርሃኑን ቀነስኩ፣ ከሥር ያለውን መስታወት ዝቅ አደረግኩ... መጡ። ፈዛዛ ቀለበቶች። መስኩን ሞልተውታል። ውስጣቸው የፈሰሰ ቀይ የደም ሴሎች ናቸው፤ ቆዳቸው ብቻ ቀርቷል። ውኃ ሲገባባቸው እንዲህ ይሆናሉ።

ደም አለ ማለት ነው። ብዙ ደም። ግን ውኃው ከየት መጣ? ፊቱ ያበጠ፣ ጠብታ የሚሸና ሰው ይሄን ሁሉ ከየት አምጥቶ ሞላው?

የካቲት 12፣ እሑድ

ጎሊቻ ከተማ ውስጥ እህቱ ቤት አድሯል። ሄድኩ።

«ትናንት ውኃ ብዙ ጠጣህ?»

«የትኛውን ውኃ?»

«ታዲያ ጠርሙሱ እንዴት ሞላ?»

እህቱን አያት፣ መሬት አየ።

«ያቺ ልጅ ጠርሙስ ሰጠችኝ። ሥሩን እንኳን አልሸፈነም። ጎዶሎ ዕቃ ለሴት ልጅ ልመልስ? እኛ ቤት ዕቃ ጎዶሎ ይመለሳል? ግቢው ውስጥ ጀሪካን ነበር...»

«ጨመርክበት?»

«ትንሽ።»

«ትንሽ ስንት ነው?»

«እስከ አፉ።»

እህቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። እኔም ልጮህ ነበር፣ ሳቅኩ። በዚህ ድርቅ ውኃ ሰጠ! ለክብሯ ብሎ!

ከሚላስ እንዴት ታውቃለች? «ትንሽም ቢሆን ይበቃል» ያለው ሰው የለም። ስትሪፑም አያውቅም፤ የተሰጠውን ቀለም ይናገራል እንጂ ጠርሙሱ እንዴት እንደሞላ አይጠይቅም።

«አሁን ስጠኝ። ጠብታም ቢሆን። አንድ ነገር ብትጨምርበት እጣላሃለሁ።»

ሰጠኝ። ሁለት ማንኪያ አይሞላም። ኮካ ነው። እንዳይቆይ ሮጬ ላቦራቶሪ ገባሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በነገሌ መንገድ ላይ፣ የሰው ሽንት ይዤ ስሮጥ አንድ ባጃጅ ነጂ «አባባ፣ ላድርስዎት?» አለኝ።

አሁን ሴሎቹ አልፈነዱም። ግን ክብ አይደሉም። የተጨማደዱ፣ ጆሮ ያወጡ። ጠባብ ቦታ ሾልከው የመጡ። ከሽንት ፊኛ ወይም ከጠጠር የሚመጣ ደም አብዛኛውን ጊዜ መልኩ አይጎሳቆልም። ስላይዱን ቀስ ብዬ ገፋሁት... አንዱን አገኘሁ። ካስት። ጎኑና ጎኑ ትይዩ፣ ጫፉ ድቡልቡል፣ ውስጡ ቀይ ሴል የታጨቀ በርሜል። ቧንቧው ራሱ የሚያመነጨው ፕሮቲን ረግቶ፣ ደሙን እንደያዘ፣ የቧንቧውን ልክ ይዞ የወጣ። ሊቀረጽ የሚችለው ኩላሊቱ ውስጥ ብቻ ነው።

ኩላሊቱን ሳልከፍት የውስጡን ቅርጽ አየሁ። የሚደማው ከልቃቂቷ ነው። ባለፈው ወር እግሩ ላይ የመገለ ቁስል ነበረው። ቁስሉን ሊዋጋ የተነሣው አካሉ ልቃቂቶቹንም እያቆሰለ ይሆን? ሐኪም ይንገረው። እኔ የምነግረው አንድ ነገር ነው፤ ሰኞ ከከብቶቹ ጋር አይሄድም።

ለከሚላ ደወልኩ። እሑድ ነው፣ መጣች። አየች። ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሣ «ቲቸር... ደህና ብዬው ነበር እኮ» አለች።

የካቲት 13፣ ሰኞ

ከሚላ ውጤቱን በራሷ እጅ አስተካክላ ፈረመች። የክሊኒኩ ሐኪም የደም ግፊቱን ለካ፣ ምንም ሳያንገራግር ወደ ሐዋሳ ሆስፒታል ጻፈለት። ጎሊቻ ተሳፈረ። «ለሽንት ብዬ ሐዋሳ ድረስ!» ይላል በመስኮት።

ከመሄዱ በፊት የሰጠኝን ሽንት ማይክሮስኮፕ ላይ አድርጌ እያየሁ ሳለ በፍቃዱ ገባ። ማይክሮስኮፖቹን ቆጥሮ ወደ መጋዘን ሊያስገባ።

«ይሄኛው ሥራ ላይ ነው። እይ።»

አየ። ቆየ።

«ይሄ በርሜል መሳይ ምንድን ነው?»

«ጎሊቻ ነው።»

«ማነው ጎሊቻ?»

ነገርኩት። ስለ ጠርሙሱም። ጀሪካኑ ጋ ስደርስ ፈገግ አለ፤ ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። ሁለተኛ ጎንበስ ብሎ አየ።

«መምህር፣ እኔ እኮ ባዮሎጂ አልተማርኩም» አለ።

«አውቃለሁ። ግን ፈርመሃል።»

«እናየዋለን።»

ሌሎቹን አስጫነ። ይቺን አንዷን ትቶልኝ ሄደ። ለምን እንደተዋት አልገባኝም።

የካቲት 21፣ ማክሰኞ

ከጎሊቻ ወሬ የለም። ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። የኮምፒውተር ክፍለ ጊዜ ነበር፣ መብራት ጠፋ፣ ተማሪዎቹ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

መጋቢት 4፣ ሰኞ

ደወለ! ድምፁ እንደ ድሮው ነው።

«አንተ ሽንት ቆጣሪ!»

«አለህ?»

«አለሁ። ግፊቱ ወርዷል። ፊቴ ተመልሷል፣ ነርሷ መልከ መልካም ነህ አለችኝ። ኩላሊትህ ይመለሳል ብለውኛል። ብትቆይ ኖሮ፣ ከከብት ጋር ብትሄድ ኖሮ... አሉኝ፣ አልጨረሱትም።»

«ምን አሉህ ሌላ?»

«ጨው ተው። እሺ። ደግሞ ውኃ ቀንስ! ለእኔ! ለቦረና! ከብቴ በውኃ ጥም እየሞተ፣ እዚህ ነጭ ጋዋን የለበሰ ልጅ ውኃ ቀንስ ይለኛል!»

ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። እሙሽ ምን ሆንክ አለችኝ። ምንም። ጎሊቻ ተሳደበ አልኳት።

መጋቢት 12፣ ማክሰኞ

ዛሬ ዘነበ። አጭር ነው፣ ግን ዘነበ።

ክሊኒኩ ጋ አለፍኩ። ከሚላ ጠርሙስ የምትሰጥበት መስኮት ላይ በኦሮምኛና በአማርኛ ጽፋ ለጥፋለች፦ «ትንሽ ይበቃናል። ጎዶሎ ነው ብላችሁ አትፈሩ። ምንም አትጨምሩበት።» ማንበብ ለማይችል ደግሞ በቃል ትነግራለች፤ ቆሜ ሰማኋት። ሰልፉ እንደበፊቱ ረጅም ነው፤ አጠገቧ ግን ማይክሮስኮፕ በርቷል።

ሰኞ የካቲት 6 የጀመርኩትን ደብዳቤ ቀደድኩት። ስለ ሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ስለ ክብሬ፣ ስለ ማስታወቂያ ሰሌዳው ነበር። አዲሱ አጭር ነው። የላክሁትን እዚህ ገልብጫለሁ፦

«ለምክትል ዲን አቶ በፍቃዱ። የካቲት 13 በዓይንዎ ያዩት ካስት ባለቤት ሐዋሳ ላይ እየዳነ ነው። በስትሪፕ ደህና ተብሎ ነበር። የምጠይቀው፣ የሽንት ማይክሮስኮፕ ልምምድ ወደ ቦታው እንዲመለስ፤ ተማሪዎቹም ናሙና ሲቀበሉ በሽተኛውን በሚገባው ቋንቋ እንዲያነጋግሩና ጠርሙሱ እንዴት እንደሞላ እንዲጠይቁ በትምህርቱ ውስጥ እንዲገባ ነው። ሁለተኛውን እኔም አስተምሬው አላውቅም፤ አብረን እንጀምረው። የማይቻል ከሆነ ምክንያቱ ይጻፍልኝ። መልሱ እስከ ዓርብ መጋቢት 22 ቀን 2009 ዓ.ም. የሥራ ሰዓት ማብቂያ ድረስ በጽሑፍ፣ ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት ይድረሰኝ። በስልክ አይሁን። ‹እናየዋለን› የሚለውን እንደ መልስ አልቀበልም፤ ለማየትማ አንዷ ማይክሮስኮፕ እዚያው ጠረጴዛ ላይ አለች።»