በግራ እጅ የቀረበ ጭማቂ

ሰኞ

«በግራ እጅሽ ነው የምትሰጪኝ?» አሉ ሽማግሌው፣ የጭማቂውን ብርጭቆ ሳይቀበሉ። ገበታው ላይ የነበሩት ሁሉ ዞረው አዩኝ።

ቡራዩ፣ ሆቴል ውስጥ፣ የተግባር ልምምዴ የመጀመሪያ ቀን። ትሪው ቀኝ እጄ ላይ ነበር። በኮሌጃችን የኦንላይን የመስተንግዶ ትምህርት ያየሁት እንዲያ ነው። የአዳራሹ ኃላፊ ኦቦ ገመቹ ትሪውን ነጥቀውኝ ይቅርታ ጠየቁልኝ። ጓዳ ስንገባ፣ «ማል ታቴ? ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ? ትሪ በግራ ይያዛል፣ በቀኝ ይቀርባል!» አሉኝ። ከነገ ጀምሮ ሳህን አጣቢ ነኝ። ቅጥር የሚያገኘው አዳራሽ የሚሠራ ብቻ ነው።

ቤት ስለማመድ እናቴ «ለእንግዳ በግራ?» ብላኝ ነበር። «የሆቴል ደንብ ነው» ብዬ አፏን አስያዝኳት። አሁን ምን ልበላት?

ማክሰኞ

ሳህን። ሳህን። ድስት።

በምሳ እረፍት የኦንላይን አስተማሪያችንን የመምህር ዳዊትን ቪዲዮ ከፈትኩ። ከጀርባው የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ፊደሎቹ ተገልብጠዋል! በስልኩ የፊት ካሜራ ስለቀረጸው እንደ መስታወት ግራውን ቀኝ አድርጎታል። እኔም ፈተናዬን ቀርጬ የላክሁት በፊት ካሜራ ነው፤ ለእሱ ትክክል መስሎ ታየው። «ድንቅ ነሽ!» ሙሉ ነጥብ።

ደወልኩለት። «አውቃለሁ፤ የአምና ልጆችም ነግረውኛል። እንደገና መቅረጽ ግን አድካሚ ነው» አለ። ያውቅ ነበር! ቢሆንም ጉዳዩን የሚያስረዳ ደብዳቤ ለሆቴሉ እጽፋለሁ ሲለኝ አመንኩት።

ሐሙስ

ደብዳቤው መጣ። «ሠልጣኟ ትምህርቷን በአግባቡ ስላልተከታተለች…»

እኔ? መብራት ሲጠፋ አሸዋ ሜዳ አክስቴ ቤት ድረስ በእግሬ እየሄድኩ የተከታተልኩት? አንድ ቀን ያልቀረሁት?

ስደውልለት ድምፁን አለሳልሶ፣ «የእኔ ስም ከጠፋ የሁላችሁም ሰርተፍኬት ይጠየቃል። ቻይው፣ እህቴ» አለኝ።

እህቴ! ስልኩን ዘጋሁበት።

ዓርብ

ቪዲዮውን ለኦቦ ገመቹ አሳየኋቸው። ትሪ አንስተው ከስልኩ ጋር አስተያዩ፣ እጃቸውን ቀያየሩ፣ ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸውን ተዉት። «ነገ ጠዋት እንግዳ ሳይገባ ነይ፣ ትሪ አያያዝ አለማምድሻለሁ። አዳራሽ እመልስሻለሁ ግን አላልኩም።» «እሺ፣ ይበቃኛል» አልኳቸው።

ማታ ሁሉንም ጽፌ ለዘንድሮ ሠልጣኞች ግሩፕ ላክሁ። መምህር ዳዊት ወዲያው ከግሩፑ አስወጣኝ። እስከዚያው ስንቶቹ እንዳነበቡት አላውቅም። ሰኞ ኮሌጁ ድረስ ሄጄ ደብዳቤው ይታረም እላለሁ።

ሳህን አጥባለሁ። ትሪውንም ከዜሮ እጀምራለሁ። እሱ ላጠፋው እኔ ሰነፍ መባሌን ግን፣ «ቻይው» መባሌንም ጭምር፣ ከእንግዲህ አልቀበልም።