ሁለት ጽጌሬዳ በአንድ መጋዘን

ሐረር፣ ሚያዝያ 22 ቀን 1957 ዓ.ም.

ውድ ዘሀራ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ «ደኅና ነኝ» ብዬ እንዳልጀምር፣ መታመሜንም መዳኔንም በእርግጠኝነት የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። ሐኪሙ «ታማ ነበር» ብሎ ጽፎልኛል። የቡና መጋዘኑ መዝገብ ደግሞ «አንድም ቀን አልቀረችም» ይላል። ሁለቱም ማኅተም መትተውበታል። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ጠዋት ጠዋት መስተዋት ፊት ቆሜ፣ ዓይኔ እውነት ቢጫ ሆኖ ነበር ወይ እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ።

ደብዳቤውን ለአይሻ የምሰጣት ነገ ገበያዋን ጨርሳ ወደ ሶፊ ስትመለስ እንድታደርስልሽ ነው። ራስሽ አንብቢው፤ ለወንድምሽ አትስጪ። ፊደል ያስቆጠርኩሽ እኔ ነኝና «አቦ፣ ማንበብ መች እችላለሁ» ብትዪ የሚሰማሽ የለም። ያልገባሽን እየዘለልሽ እለፊ። እኔም ያልገባኝን እየዘለልኩ ነው የምጽፈው።

ነገሩ ሁሉ የተጀመረው በእኔ ምላስ ነው። አዲሱ የሠራተኛ ሕግ ወጣ ተብሎ ማኅበሩ ስብሰባ ሲጠራ፣ ከእኛ ከቡና ለቃሚዎቹ ሴቶች ደፍሬ የሄድኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ተመልሼ በረንዳችን ላይ ምን እንዳልኩሽ ታስታውሻለሽ። «ከእንግዲህ የታመመ ሠራተኛ አይባረርም። የሐኪም ወረቀት ካለው ደመወዙ አይቋረጥም፤ ሲድንም ቦታው ይጠብቀዋል» አልኩሽ። አንቺ ለገበያ የምትወስጂውን ለውዝ እየፈለፈልሽ «ተኝተሽ ይከፍሉሻል?» ብለሽ ሳቅሽ። «ምጽዋት መሰለሽ? መብት ነው» ብዬ ተቆጣሁሽ። በመጋዘኑ የቆየውን ልማድም በዚያው ቀን ነቀፍኩ። ሰው ለልቅሶ ወይም ለክርስትና የቀረ እንደሆነ እህቱ ወይም ጎረቤቱ በስሙ ገብታ፣ ስሙ ሲጠራ «አቤት» ብላ፣ ቀኑን ትለቅምለት የለ? «ይኼ የባርነት ዘመን ነገር ነው፣ አሁን ሕግ አለ» አልኩሽ። አፌ ሲጣፍጥ እኮ እኔን የሚያክል የለም።

ከዚያ የጥምቀት ማግስት ወደቅሁ። እናቴ ዓይኔን ገልጣ አይታ «የወፍ በሽታ ነው» አለች። ሐኪም ቤት አስተኙኝ። ሐኪሙ የሰጠኝን ወረቀት ለመጋዘኑ እንድታደርሺልኝ ለአንቺ ሰጠሁሽ፤ ወሰድሽው። በመጀመሪያው ቅዳሜ ደመወዜን በመሀረብ ቋጥረሽ አልጋዬ ድረስ መጣሽ።

«ማን ሰጠሽ?» አልኩሽ።

«መጋዘኑ ነዋ። የታመመ ሰው መብት» አልሽኝ።

ዘሀራ፣ ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ልነግርሽ አልችልም። ገንዘቡ አይደለም ደስ ያሰኘኝ። እኔ ያልኩት ነገር እውነት ሆኖ መገኘቱ ነው። ጾም ላይ ነበርሽ፤ ከንፈርሽ ደርቆ ነበር። ሻሽሽ ላይ አቧራ አይቼ «ምንድን ነው?» ብልሽ «የገበያ ነው» አልሽኝ፤ እኔም አመንኩሽ። የገበያ አቧራ እንደዚያ የቡና ገለባ ይሸታል? ስምንት ዓመት ሙሉ ያንን ሽታ ለብሼ ወደ ቤት የገባሁ ሰው ነኝ። በሽታው አፍንጫዬን ዘግቶት ነበር ልበል ወይስ ራሴ ላላውቅ ፈልጌ ነው? ይኼን ነው ለራሴ መመለስ ያቃተኝ።

በየቅዳሜው እንዲሁ ሆነ። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ መቀበል መች አወቅሁበት። አጠገቤ የተኛች ገላነሽ የምትባል የሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ታመምሽ ብለው ያሰናበቷት። «ሂጂና በመብቴ መልሱኝ በያቸው፣ እኔ ይኸው ተኝቼ እበላለሁ» ብዬ መከርኳት። ድና ወጣች፣ ሄዳ አለቻቸው። ጌታዋ ሕጉ ምን እንደሚል ባያውቅም ደንግጦ መለሳት። ባለፈው ሳምንት ሸዋ በር አገኘችኝና እጄን ልትስም ደረሰች። እጄን ሸሸግሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ያላገኘሁትን መብት እሷ በእኔ ምስክርነት አገኘችው።

ወደ ቤት ከተመለስኩ በኋላ ሐኪሙ አርፈሽ ተቀመጪ ስላለኝ፣ እጄ እንዳይፈታ ብዬ ሙዳይ መስፋት ጀመርኩ። «ለማን ነው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «ለሙሴ ባለቤት። የመጋዘናችን ጌታ ፈረንጅም ቢሆን ሕግ አክብሮ ለበሽተኛ ደመወዝ የላከ ሰው ነው፤ ባዶ እጄን ገብቼ አላመሰግነውም» አልኩሽ። ሳቅሽ። ከዚያ ሳቁ አለቀብሽና «አቦ፣ ተይው፣ ሽጪው ይሻልሻል» አልሽኝ። የቀናሽ መስሎኝ ለአንቺም ትንሽዬ ልሰፋልሽ አስቤ ነበር፣ እግዜር ያሳይሽ።

ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ ብዬሽ ነበር። አንቺ ቅዳሜ ላይ ልትለቂ፣ እኔ ሰኞ ልተካ፣ ማንም ሳያውቅ ነገሩ ሊያልፍ ነበር፤ አሁን ሲገባኝ። ግን ሙዳዩ ሐሙስ አለቀ። ዓርብ ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ። በሩ ላይ ዘበኛው ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ቆሟል።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ተመለስኩ እኮ» አልኩት።

ግራ ቀኝ አየና «ማን ልበል?» አለኝ።

«ምነው ጋሼ፣ ጽጌሬዳ ነኝ!»

«ጽጌሬዳማ ገብታለች» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ልጄ፣ ዛሬን ተመለሽ። ከዘሀራ ጋር ተነጋግራችሁ ነይ።»

ሽማግሌው ጃጀ ብዬ አዘንኩለት። እያዘንኩለት አልፌው ገባሁ፤ ቀጥታ ሙሴ ቢሮ።

ሙሴን አመሰገንኩ። ጎንበስ ብዬ ሙዳዩን በሁለት እጄ ሰጠሁት። ስለታመምኩበት ጊዜ፣ ስለ ደመወዙ፣ ስለ ሕጉ ተናገርኩ። ሰውየው ሙዳዩን እያገላበጠ ያዳምጠኛል። ስጨርስ «አንቺ ማን ነው?» አለኝ። ስሜን ነገርኩት። ካቦውን አቶ ለማን ጠራው። አቶ ለማ ሲያየኝ ፊቱ አመድ መሰለ። መዝገቡ መጣ፤ ጽጌሬዳ አንድ ቀን አልቀረችም። ሙሴ እየመራ ወደ ለቀማው አዳራሽ ወሰደን። ሴቶቹ ሁሉ ሰፌዳቸውን ይዘው ቀጥ አሉ። «ጽጌሬዳ!» ብሎ ጮኸ።

«አቤት» አልሽ። ለምደሽው ነበር መሰለኝ፣ ከአፍሽ አመለጠሽ። እኔም «አቤት» ብዬ ነበር።

ከሁሉም ያቃጠለኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አንዲት ሴት እንኳ አልተገረመችም። ሁሉም ያውቁ ነበር። አንቺ ቀጥ ያልሽ ረጅም፣ እኔ ድንክ፤ ምን ብለው ይሳሳታሉ? ካቦው ያውቅ ነበር፣ ዘበኛው ያውቅ ነበር። ሙሴ ሁለታችንንም «ውጡ» ሲለን አንቺ ሻሽሽን አጥብቀሽ ሳታዪኝ ወጣሽ። በማግስቱ ቤትሽ ተቆልፎ አገኘሁት፤ ሶፊ ወንድምሽ ዘንድ መግባትሽን አይሻ ነገረችኝ።

እናቴን ስጠይቃት፣ እሷም ታውቅ ነበር! «ብነግርሽ ትበዪው ነበር?» አለችኝ። «ገንዘቡን መብቴ ነው እያልሽ ስትቆጥሪ ፊትሽ ሲበራ አየሁ። ያዳነሽ እሱ ነው፣ ኪኒኑ አይደለም።» ለሦስት ቀን አላነጋገርኳትም። በአራተኛው ቀን ደግሞ ለምን እንደተቆጣሁ ጠፋብኝ።

አቶ ለማንም መንገድ ላይ ይዤ አፋጠጥኩት። ወረቀቱን ይዘሽ ስትመጪ በሩ ላይ የመለሰሽ እሱ ነው። «ሙሴ የሐኪም ወረቀት አይቀበልም። እስከ ሰኞ መዝገቡን እኔ እሞላላታለሁ፤ ሰኞ ካልመጣች ሌላ ሰው አስገባለሁ። ወይ እንደ ልማዱ በስሟ ሰው ትላክ» አለሽ። ሰኞ ራስሽ መጣሽ። ለውዝሽን ማን ሸጠልሽ? ምን በላሽ? ከደመወዙ ግማሹን ለራስሽ ወስደሽ ከሆነ በእውነት ደስ ይለኛል። እናቴ ግን አንድ ሳንቲም አልጎደለም ትላለች።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ማኅበሩ አቤቱታዬን ለጠቅላይ ግዛቱ አስተላልፎልኝ፣ የሠራተኛ ጉዳይ የሚያየው ሹም፣ አቶ አባይነህ፣ ትናንት ቢሮው አስጠራኝ። ክፉ ሰው አይደለም። አንቺ እናቴ ዘንድ የተውሽውን የሐኪሙን ወረቀት አየና «ሕጉ ካንቺ ጋር ነው» አለኝ። «ቦታሽን ይመልሱልሻል። የታመምሽበትንም ጊዜ ይከፍሉሻል። አንዲት ነገር ብቻ ፈርሚልኝ፤ ያቺ ሴት በስምሽ የገባችው ያላንቺ ዕውቀት መሆኑን።»

«ከዚያስ እሷ ምን ትሆናለች?» አልኩት።

«በሰው ስም ገብታ ደመወዝ የተቀበለች ናት። ጉዳዩ ለፖሊስ ይመራል።»

የጻፈው ሁሉ እውነት ነው እኮ፣ ዘሀራ። አላውቅም ነበር። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ እውነተኛ ወረቀት ፈርሚ ተብዬ አላውቅም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔው ግን እያደር ይደፈርሳል። ብዕሩን ያዝኩና መልሼ አስቀመጥኩት።

«አውቅ ነበር። የላክኋት እኔ ነኝ» አልኩት።

አቀርቅሮ ይጽፍ የነበረው ሰውዬ ቀና አለ። «ታውቂ ከነበረ ለሙሴ ሙዳይ ይዘሽ ምን ልታመሰግኚ ሄድሽ?»

«ጌታዬ፣ ከሕመም ተነሥቼ ስለነበር አእምሮዬ ልክ አልነበረም» አልኩት።

«ታመሽ ነበራ?»

«አዎን፣ ጌታዬ።»

«ሥራ ላይ ግን ነበርሽ?»

«ነበርኩ። ማለት፣ እሷ ነበረች። በእኔ ስም።»

ብዕሩን አስቀምጦ ሁለት ዓይኑን አሸ። «ሴትዮ፣ እንደዚህ ካልሽ ቦታሽም ይቀራል፣ ክፍያውም ይቀራል። በፈቃድሽ ምትክ ልከሽ ደመወዝሽን በልተሻል ማለት ነው። እሷን የሚከስሳት አይኖርም፤ አንቺን ግን የሚመልስሽ ሕግ የለም። ገብቶሻል?» አለኝ። ገባኝ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ እሱ ብቻ ነው የገባኝ። «እንግዲያው ሰኞ ጠዋት ይዘሻት ነይ፤ የእሷንም ቃል ሳልሰማ አልዘጋውም» አለኝ።

ለዚህ ነው የምጽፍልሽ። የዋሸሽኝ ለደግነት ይሁን ወይስ ጉራዬን ታዝበሽ አዝነሽልኝ፣ አላውቅም። አንዳንድ ቀን ደግነትሽን አስቤ አለቅሳለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ፣ እኔን እንደ ሕፃን በተረት አስተኝታ፣ ብዬ ደሜ ይፈላል። መብቴ ነው እያልኩ የበላሁት ያንቺን ጉልበት ነው። መብቱም ደግሞ እውነት ነበረ፤ አቶ አባይነህ ራሱ አለ። ታዲያ መብቴ የት ሄዶ ነው አንቺ የቆምሽለት? ይኼን ማን ይፍታልኝ?

አውቅሻለሁ። ሰኞ ገብተሽ «ወላሂ፣ እሷ አታውቅም» ልትዪ ነው። እኔ አውቅ ነበር ብያለሁ። አንቺ እኔን፣ እኔ አንቺን ለማዳን ስንሟገት ሰውየው ግራ ገብቶት እውነቱን ይጽፈዋል፤ ከጻፈው ደግሞ አለቀልሽ። ስለዚህ የዛሬን ብቻ ተሸነፊልኝ። «ታውቅ ነበር፣ የላከችኝ እሷ ናት» በይ። ሌላ ቃል አትጨምሪ። ቦታውን ሳጣ ያመኛል፣ አልዋሽሽም፤ ሌላ ሙያ የለኝም፣ እናቴም በእጄ ናት። ቢሆንም አንቺን ፖሊስ ሲጠራሽ እየሰማሁ እዚያ ተቀምጬ ቡና ልለቅም አልችልም።

እሑድ ማታ እኛ ቤት እደሪ፤ እናቴም ነይ ብላሻለች። ሰኞ ከአቶ አባይነህ ቢሮ ስንወጣ ለምን እንደዋሸሽኝ ትነግሪኛለሽ። እኔም የያዝኩልሽን ቁጣ ሁሉ እነግርሻለሁ፤ ብዙ ነው፣ ሸዋ በር እስክንደርስ አያልቅም። ከዚያ ሁለታችንም ሥራ ፍለጋ እንሄዳለን፣ በየራሳችን ስም።

እህትሽ፣
ጽጌሬዳ