ኦልማን መረቡን የቆረጠ ዕለት

ኦሳ ዳርቻ፣ ከሎጃችን
ሴፕቴምበር 14 ቀን 1998

ለውዱ ባለቤቴ ለኤላዲዮ፣

እንደምን ከርመሃል? ያ የመርከብ ጥገና ሥራ ወገብህን እንዳልጎዳብህ ተስፋ አለኝ። እኔ ደህና ነኝ። ለፋሲካ ለላክሁልህ ካርድ መልስ ስላልመጣ ፖስታ ቤቱን እያማሁ ከርሜያለሁ፤ አንተን ከማማት እሱ ይቀለኛል። ይህን ደብዳቤ ግን በፖስታ አልሰደውም። ዓሣ ጭኖ ፑንታሬናስ የሚመላለሰው ሹፌር በእጅህ ይሰጥሃል።

ዝናቡ ያው የምታውቀው ዝናብ ነው። የሦስተኛው ጎጆ ጣሪያ ማፍሰስ ጀምሮ ራሴ ወጥቼ ደፈንኩት፤ ስወርድ መሰላሉ ተንሸራትቶ ዶሮዎቹ ላይ ልወድቅ ነበር። ቀያዮቹ በቀቀኖች የለውዝ ዛፉ ላይ ሰፍረው ቀኑን ሙሉ እንደ ጎረቤት ሲጨቃጨቁ ይውላሉ፤ ልጣጩን ሁሉ የሚጥሉት እኔ የጠረግሁት ላይ ነው።

በዚህ ወር ያሉን እንግዳ አንድ ሰው ብቻ ናቸው። በአክብሮት ዶኛ ሴኔይዳ እንላቸዋለን፤ ከቱሪያልባ ተራራ ነው የመጡት፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ አዋላጅ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ልጆቻቸው «ምን እናድርግልዎት?» ቢሏቸው፣ «ዓሣ ነባሪ አሳዩኝ» አሉ። ከጀልባ ሲወርዱ ማዕበሉ እስከ ወገባቸው አራሳቸው፤ ሻንጣቸውን አናታቸው ላይ ተሸክመው፣ «ልጄ፣ ይሄ ሎጅ ነው ወይስ የኖኅ መርከብ?» አሉኝ።

አልተሳሳቱም። የመጀመሪያው ቀን ገላቸውን ሊታጠቡ ገብተው ጮኹ። ሮጬ ብሄድ አንዲት አረንጓዴ እንቁራሪት ሳሙናው ላይ ተደላድላ ተቀምጣለች።

«እሷ ትውጣ ወይስ እኔ ልውጣ?»

«ዶኛ፣ እሷ ቀድማ ነው የያዘችው» አልኳቸው። ሳቁ። ከሳቁ በኋላ እኔም ወደድኳቸው።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ነጭ ፊት ጦጣ ከጣሪያው ወርዶ ሩዝና ቦሎቄያቸውን ሳይነካ የተጠበሰውን ሙዝ ብቻ ከሳህናቸው መርጦ ሄደ። «ባሌም እንዲሁ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና» አሉ። ከሰዓት ደግሞ ዳንታዋ፣ ያቺ ግዙፍ አውሬ፣ ከጫካ ወጥታ፣ ያንን ረጅም አፍንጫዋን እያወዛወዘች፣ ማዕበሉ ውስጥ ገብታ ተነከረች። እሳቸው አፋቸውን ከፍተው ቆሙ።

«አህያ ናት አሳማ?»

«እግዜር አንዱን ጀምሮ ሐሳቡን የቀየረባት ናት» አለ ኦልማን።

አዎ፣ ወንድምህ ኦልማን። አሁንም ማታ ማታ ከእኔ ጋር ይበላል። ይህን ደብቄ ልጽፍልህ አልፈልግም።

የዚያን ዕለት እራት ላይ ሦስታችንም ተቀምጠን ሳለ ዶኛ ሴኔይዳ «ባልሽ የት ነው?» አሉኝ።

«ፑንታሬናስ። መርከብ ይጠግናል።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

ኦልማን ማንኪያውን አስቀመጠና ወጣ። እሳቸው በሩን አዩ፤ እኔን አዩ።

«በይ አውጪው። ሴት ስትጮህ እንጂ ዝም ስትል አልወድም።»

ነገርኳቸው። ምን እንዳልኩ አንተም ማወቅ አለብህ። እናታችሁ ያረፈች ዕለት ኦልማን ባሕር ላይ እንደነበር፣ በሬዲዮ ብንጠራው «ሞተሬ ጠፋ» ብሎ ከቀብሩ በኋላ እንደመጣ፣ መቃብሩን አንተ ብቻህን እንደቆፈርክ ነገርኳቸው። «እሱ እዚህ ገበታ ላይ ከተቀመጠ እኔ አልቀመጥም» እንዳልክ፣ እኔ ደግሞ የራበውን ሰው ከበሬ አልመልስም እንዳልኩህ፣ ከዚያም እንደሄድክ። አንተን አላሳጣሁም፤ እሱንም አልሸፈንኩም።

ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። የናንተ ነገር የከፋውም ለዚህ ነው» ብለው ሊተኙ ሄዱ።

ሐሙስ ጠዋት ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ለጥ ብሎ ነበር። ኦልማን ሞተሩን ይዞ፣ ዶኛ ሴኔይዳ ከፊት፣ እኔ መሐል ሆነን ወጣን። ከፊታችን ካለችው ደሴት ወዲህ ውሃ ወደ ላይ ሲረጭ አየን። «ያቻትና!» ብለው ሲነሱ ቀሚሳቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸው።

ነገር ግን ዓሣ ነባሪዋ ንቅንቅ አትልም። የምትተነፍሰው እዚያው አንድ ቦታ ላይ ነው። ግልገሏ ዙሪያዋን ትዞራለች፣ ትጠጋለች፣ ትመለሳለች። ቀረብ ስንል የመረብ ተንሳፋፊዎች አየሁ፤ ብርቱካናማ። ኦልማን ሞተሩን አጠፋ። የማን መረብ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። አንተ ከሄድክ ወዲህ ደጃፌ ላይ እየተቀመጠ በገዛ እጁ የሠራው መረብ ነው። ሌላ የለውም።

«ሲየርፔ ከተማ ሄጄ ሰው ላምጣ» አለ። «መሣሪያ ያላቸው አሉ። መረቡም ሳይበጣጠስ ይፈታል።»

«መቼ ትመለሳለህ?» አልኩት።

«ሲመሽ።»

ዶኛ ሴኔይዳ ዓይናቸውን ከግልገሏ ላይ ሳያነሱ፣ «እናትየዋ እስኪመሽ ትችል ይሆናል። ይቺ ግን ጡት አላገኘችም። አያት እስቲ፣ ስትዞር እየደከመች ነው» አሉ።

ኦልማን መረቡን አየ፤ ግልገሏን አየ። ከዚያ ቢላዋውን ከወገቡ መዘዘ።

«ዳማሪስ፣ ሞተሩን ያዢ።»

በቀስታ ጎኗ ድረስ አስጠጋሁ። ኤላዲዮ፣ እዚህ ተወልደን አድገን እንዲህ ቀርበን አይተናት አናውቅም። በዚያ ትልቅ ጥቁር ዓይኗ ታየናለች። ገመዱ ጭራዋ ሥር ሥጋዋ ውስጥ ሰምጧል። ኦልማን በደረቱ ተኝቶ፣ ክንዱን እስከ ብብቱ ውሃ ውስጥ አስገብቶ ይቆርጣል። ዶኛ ሴኔይዳ ጀልባዋ አፍንጫ ላይ ተንበርክከው፣ «በርቺ የኔ እናት! ተንፍሺ! እንዲህ ነው! አትታገዪ፣ ገና ነው!» ይሏታል። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

አንድ ገመድ ብቻ ሲቀር ጭራዋን አነሳች። ጀልባዋ ወደ ጎን ዘመመች። የተቆረጠው ገመድ የኦልማን ቀኝ እጅ ላይ ተጠምጥሞ ወደ ታች ጎተተው፤ ትከሻው፣ ከዚያም ፊቱ ውሃ ውስጥ ገባ። አንዴ ብቅ አለና ጮኸ፦

«ኤላዲዮ! ወደ ኋላ! ኤላዲዮ!»

ሞተሩ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። የጠራው ግን አንተን ነው።

ጀልባዋን ወደ ኋላ መለስኳት። ዶኛ ሴኔይዳ ከፊት ተንደርድረው መጥተው ቀበቶውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ፤ የዚያን ያህል ሕፃን ያወጡ እጆች እንዲህ በቀላሉ አይለቁም። ገመዱ ላላ ሲል ኦልማን ቢላዋውን ወደ ግራ እጁ አዛውሮ የመጨረሻውን ቆረጠ።

ወዲያው አልሄደችም። ግልገሏ ሆዷ ሥር ገባች። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ሁለቱም ጎን ለጎን ወጥተው ተነፈሱ፤ የበሰበሰ ዓሣ የሚሸት ካፊያ ላያችን ላይ ወረደ።

«ተገላገለች!» አሉ ዶኛ ሴኔይዳ፤ ፊታቸውን በእጃቸው እየጠረጉ።

ኦልማን ጀልባዋ ወለል ላይ ተዘርሮ ይስቅ ጀመር። መሳቁን መቼ ትቶ ማልቀስ እንደጀመረ አላወቅሁም።

«ምን ብዬ ነው የጮኽኩት?» አለኝ።

«ወደ ኋላ ነው ያልከው።»

ጀልባዋን ወደ ዳር አዞርኩ።

ሁለት ጣቶቹ ተሰብረዋል። በረንዳው ላይ ዶኛ ሴኔይዳ በሻርፓቸውና በቀጭን እንጨት ሲያስሩለት ማንንም ሳያይ እንዲህ አለ፦

«ሞተሬ ያን ቀን አልጠፋም ነበር። እማማ ሞተች ሲሉኝ መጣሁ። ከባሕሩ ላይ ሆኜ ኤላዲዮ ሲቆፍር አየሁት። ደርሼ ነበር። ጀልባዋን ወደ ዳር ማዞር አቃተኝ። ካልወረድኩ አልሞተችም መሰለኝ።»

ዶኛ ሴኔይዳ ጨርቁን ጠበቅ አደረጉት። ጥርሱን ነከሰ።

«ይሄ ነው የሚያምህ ወይስ ያኛው?»

«ያኛው» አለ።

ይህን የምጽፍልህ ይቅር በለው ለማለት አይደለም። ሐዘኑ ያንተ ነው፤ እኔ አላዝበትም። አካፋውን ብቻህን እንደያዝክ፣ ዝናቡም እንዳላባራልህ እኔው በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን እሱ እያየህ እንደነበር አንተም እኔም አናውቅም ነበር። አሁን እኔ አውቄ አንተ ሳታውቅ ልተኛ አልቻልኩም።

ትናንት እሑድ መቃብሩ ዘንድ ሄዶ በአንድ እጁ አረም ሲነቅል አየሁት። ሳያየኝ ተመለስኩ። ከመረቡ የቀረውን ማዕበሉ ወደ ዳር አውጥቶታል፤ ዶሮዎቹን ላጥርበት ብዬ ለቃቅሜዋለሁ።

ዶኛ ሴኔይዳ ቅዳሜ ይሄዳሉ። እሱ በአንድ እጅ ወንዙ ባሕር የሚገባበትን ሞገደኛ አፍ ማለፍ ስለማይችል ጀልባዋን የምነዳው እኔ ነኝ። ሲየርፔ አድርሻቸው፣ ዱቄትና ጋዝ ገዝቼ፣ ውሃው እስኪሞላ እዚያው ጀልባ መቆሚያው ጋ እቀመጣለሁ። ከፑንታሬናስ በኩል የሚመጣው አውቶቡስ ከዚያ በፊት ይገባል። ምንም ማለቴ አይደለም። ጀልባዋ ባዶዋን ነው የምትመለሰው፤ ባዶ ጀልባ ደግሞ ወንዙ አፍ ላይ እንዴት እንደምትዘል አንተ ነህ ያስተማርከኝ። ከፊት ክብደት ያስፈልጋታል።

አሁን ይህን ስጽፍ ኦልማን ገብቶ ነበር። ለማን እንደምጽፍ አልጠየቀም፤ ወረቀቱን አይቶ አወቀ።

«ስለ እጄ እንዳትጽፊለት።»

«እሺ» አልኩት።

«ሰላም በይው።» በሩ ጋ ደርሶ ተመለሰ። «አይ፣ ተይው።»

እሱ ተይው ቢልም እኔ ጽፌዋለሁ።

ድንግል የመላእክት እመቤት ከክፉ ትጠብቅህ፤ ማዕበሉንም ታለስልስልህ።

ያንተው
ዳማሪስ