ርክክቡ ላይ ያልሰፈረው ፓኬጅ

አዳማ፣ ዓርብ

ውድ ደሊል፤

«ውድ» ማለቴ ደብዳቤ ሲጻፍ እንዲያ ስለሚባል ነው እንጂ፣ እንደ ንዴቴማ ቢሆን ሌላ ስም ነበር የምሰጥህ። አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ፤ አታነሳም። ቴሌግራም ላይ መልእክቴን አይተህ ዝም አልክ። ስለዚህ ይቺን ወረቀት የባቱን ሚኒባስ ለሚነዳው ለጋዲሳ ሰጠሁት። አሁን የምትሠራበት የአበባ እርሻ ቢሮ ድረስ ገብቶ በእጅህ እንዲሰጥህ፣ ካጣህ ደግሞ መልሶ እንዲያመጣልኝ አስምዬዋለሁ።

ጥር ላይ ክሊኒኩን ስትለቅ የተፈራረምነውን ርክክብ ታስታውሳለህ? እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ። ወንበር አንድ፣ እግሩ የተበየደ። ቬንቲሌተር አንድ፣ የማይዞር። ኪቦርድ ሁለት። ሰርቨር አንድ፣ የሚሠራ። «ውስጡስ?» ብዬ ጠየቅኩህ። ሳቅክና «ውስጡማ ያንቺው አይደል?» አልከኝ። እኔ ቂሏ አብሬህ ሳቅኩና ፈረምኩ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይሄ ነው። የተሰበረ ወንበር በቁጥር ይረከባል፤ የበሽተኛ ካርድ የሚያነበው ፕሮግራም ግን በሳቅ!

ግንቦት ላይ በናዝሬት ሙቀት የበሽተኛው ካርድ ሁሉ ያለበት ሰርቨር ማቃሰት ጀመረ። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ወልደአማኑኤል ለአንዴም ቢሆን ሰሙኝና አዲስ አስገዙ። ካርዶቹን በሙሉ አዛወርኩ፣ ዋናውን ፕሮግራም ጫንኩ፣ ተነሣ። ደስ ብሎኝ ለሁሉም ሻይ ጋበዝኩ። በነጋታው የድሮዎቹ ካርዶች፣ በዚያ በጥንቱ የአማርኛ መተየቢያ የተጻፉት፣ ሲከፈቱ ፊደላቸው ጠፍቶ የፈረንጅ ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆነው ቁጭ አሉ። ለካስ አሮጌው ማሽን ላይ እነሱን ወደ አሁኑ ፊደል እየቀየረ የሚያሳየን አንድ ነገር ነበር። እሱ እንዳለ ማን ነገረኝ?

የዚያኑ ቀን እትዬ በድሪያ ጉሮሯቸውን አሟቸው መጡ። ነርሷ ሃዊ መርፌውን አዘጋጅታ ካርዳቸውን ብትከፍት ዝብርቅርቅ።

«ልጄ፣ አንድ የሚያሳብጠኝ መርፌ አለ» አሉ እትዬ በድሪያ።

«የትኛው ነው እናቴ?»

«እኔ ምን አውቄ! እናንተ ጽፋችሁት የለም እንዴ?»

ሃዊ መርፌውን መልሳ አስቀመጠችና ዞራ አየችኝ። ያንን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም። ሐኪሙ የሚዋጥ ሌላ መድኃኒት አዘዘላቸውና ተሸኙ።

አቶ ወልደአማኑኤል ከክሊኒኩ ውጭ የኮምፒውተር ባለሙያ አስመጡ። ሰውየው አሮጌው ማሽን ላይ ያንን ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍቶ dpkg -l ብሎ ጻፈ። የተጫነው ፓኬጅ፣ ማለት ትንሹም ትልቁም ፕሮግራም፣ ሁሉ ስምና ቁጥሩን ይዞ ተዘረገፈ፤ ከሁለት ሺህ መስመር በላይ። ሲፈልግ፣ ሲፈልግ «ካርድ-ፊደል» የሚባል አገኘ። ስለሱ ያለውን መረጃ እንዲያሳየው በሌላ ትእዛዝ ጠየቀ፤ ማሽኑም መለሰ። ምን እንደሚሠራ በሚለው ቦታ አንድ ቃል ብቻ አለ፤ «ለጊዜው»። ኃላፊው በሚለው ቦታ ደግሞ ዘመናይ ይላል። የኔው ስም!

«አንቺ ነሽ እንዴ የሠራሽው?» አሉ አቶ ወልደአማኑኤል።

«ኧረ በፍጹም! ደሊል ነው።»

«ስምሽ ነው እኮ ያለው።»

«እሱ ነው የጻፈው!»

«ታዲያ ርክክቡ ላይ የታለ?»

የገዛ ፕሮግራሜን ረስቼ በሽተኛ ላይ አደጋ ላደርስ እንደነበር የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ። የፊታችን ሰኞ ኮሚቴ ይቀመጣል፤ ማስረጃ ካላቀረብኩ ከሥራ እሰናበታለሁ።

በንዴት ሦስት ቀን ከማሽኑ ጋር ተፋጠጥኩ። ፓኬጅህን እንዳለ ወደ አዲሱ ብወስደው እምቢ አለ። ፈታሁት። ውስጡ የፊደል ሰንጠረዥ አለ። ያኔ ገባኝ። ያ መስከረም፣ እኔ ከወረቀት ላይ ሀ፣ ሁ፣ ሂ እያልኩ ሳነብልህ፣ አንተ ስትጽፍ የዋልንበት ሁለት ቀን! ለምን እንደሆነ ብጠይቅህ «አንብቢ ብቻ» አልከኝ፤ ከበሩ ላይ ትኩስ ፓስቲ ገዝተህ አፌን ዘጋኸው። ቋ ላይ ስንደርስ ዘለልሽ አልዘለልኩም ብለን የተጣላነውንም አልረሳሁም።

ስሜን ያስገባኸው ለዚያ ይሆን? ምስጋና መሆኑ ነው? ምስጋና ከሆነ ለሰውየው ይነገራል እንጂ፣ ደሊል! እንደምትለቅ እንኳ የሰማሁት ከጥበቃው ነው። አራት ዓመት ባንድ ጠረጴዛ ተቀምጠን፣ ከጥበቃው! ለሰው የሚነገረውን ነገር በሆድህ ይዘህ ውልቅ ማለት ልማድህ ነው። ከፍቶኛል። ከማስጠንቀቂያው ይልቅ ይሄኛው ነው የከፋኝ።

በዚያው ሰንጠረዥ ፓኬጁን ለአዲሱ ማሽን እንደገና ሠራሁትና ትናንት ረፋዱ ላይ የእትዬ በድሪያ ካርድ ተከፈተ። «ፔኒሲሊን አይስማማቸውም» ይላል፣ ጥርት ብሎ። ሃዊ ጮኻ አቀፈችኝ። እኔ አለቀስኩ፤ ከዚያም ወዲያው አንተን ሰደብኩህ።

ፓኬጁን አዲሱ ላይ ስጭን «ለጊዜው» የምትለዋን ቃልህን አጠፋኋት። የትኞቹን ካርዶች እንደሚቀይር፣ ሲበላሽ የቱ ጋ እንደሚታይ ከነምክንያቱ ጻፍኩበት። ከኔ በኋላ ለሚመጣው ሰው ብዬ ነው። ኃላፊው የሚለው ቦታ ስደርስ ያንተን ስም ልጽፍ ነበር። ተውኩት። ዘመናይ ብዬ ጻፍኩ። አሁን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለሰኞው ኮሚቴ የማቀርበው የርክክብ ቅጽ አለ። አንድ መስመር ብቻ ነው የሞላሁበት። ተራ ቁጥር አንድ፤ ካርድ-ፊደል፤ የሠራው ደሊል፤ ሁኔታ፣ ጥር ላይ ሳይነገር የቀረ። ይቅርታ ጠይቀኝ አልልህም። አስረካቢ በሚለው ቦታ ላይ ብቻ ፈርም። ጋዲሳ ቆሞ ይጠብቅሃል፤ እስክሪብቶ የለኝም እንዳትል እሱንም ልኬልሃለሁ። የኔ ፊርማ ከታች አለ፤ የጎደለው ያንተ ነው።

ተረካቢ፣
ዘመናይ