ሰማይ ላይ ያልነበረው ደመና

አባባ፣ የእናቴ አባት፣ የዛሬ ሰማንያ አንድ ዓመት ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው ተወለዱ። ቤቱ ውስጥ ስድስት ልጆች ቢኖሩም የሚሰማው የእሳቸው ድምፅ ብቻ ነበር ይባላል፤ እኔን አይገርመኝም።

ትምህርታቸውን በማዕረግ ጨርሰው በሃያ አምስት ዓመታቸው የሰማይ ጥናት ጣቢያ ተቀጠሩ። ሥራቸው ምን መሰላችሁ? በከዋክብት መሃል አቧራ አለ። እንደ ደመና እዚህ ይወፍራል፣ እዚያ ይሳሳል፣ ከኋላው ያለውን ኮከብ ያደበዝዛል። የት እንዳለ ለማወቅ የሰማይ ፎቶ ያለበትን መስታወት በትንንሽ ካሬ ከፋፍሎ ኮከብ መቁጠር ነው። ኮከብ ካነሰ አቧራ አለ ማለት ነው።

የሚቆጥሩት ግን እሳቸው አልነበሩም። በሃያ ስምንት ዓመታቸው እማማን አገቡ፣ ሦስት ልጆች ወለዱ። እማማም እዚያው ጣቢያ፣ ማጉያ መነጽር ላይ ተደፍታ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆጠረችላቸው።

ትልቁን ደመናቸውን ያገኙት በሃምሳ አንድ ዓመታቸው ነው። አንዱ ካሬ ላይ ኮከብ ጥፍት አለ። እማማ፣ "ሰውዬ፣ ዳቦና ቅቤ እየበላህ ነክተኸው ነው፤ ልወልውለው" አለች።

"አንቺ ቁጠሪ፤ ማሰቡን ለኔ ተይው" አሏት።

ደመናው ታተመ፤ ተሸለሙ። ከስምንት ዓመት በኋላ ሌሎች ያንኑ ሰማይ ሲያዩት ኮከቦቹ ቦታቸው ላይ ቁጭ ብለዋል! አባባ ስብሰባ ላይ ተነስተው፣ "የባለቤቴ ዓይን ደክሟል፤ የቆጠራ ስህተት ነው" አሉ። እማማን ከሥራ አስወጧት። ከዚያ በኋላ ስሟ "ዕውሯ ቆጣሪ" ሆነ። እዚህ ከተቀመጣችሁት ስንቶቻችሁ እንዳላችኋት ራሳችሁ ታውቃላችሁ።

አምና አባባ ኩላሊታቸውን ታመሙ፤ ዓይናቸውም ጠፋ። ባለፈው ሳምንት ጣቢያው መስታወቱን በአዲስ መሣሪያ መርምሮ ደብዳቤ ላከ። አባባ "ደመናዬን መለሱልኝ?" ብለው እማማን እንድታነብላቸው ጠየቋት። አነበበች፦ ቆጠራው እንከን የለውም፤ ካሬው ላይ ያለው የአውራ ጣት አሻራ ነው።

"አልሰማሁም" አሉ። ደገመችላቸው። ሠለሰችላቸው።

እናቴ "ኧረ እማዬ ተይው፣ በሽተኛ ነው" አለቻት።

"እኔን ሃያ ሁለት ዓመት ማን ተዋት አለ?"

አባባ በማግስቱ፣ ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው አሉ። ደብዳቤው በእማማ ትእዛዝ ከያዛችሁት የሕይወት ታሪክ ወረቀት ጀርባ ታትሟል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ብርሃን ያሳያት፤ በመሃል የሚጋርድባት አይኑር።

ሣጥኑ ላይ ያለውን ፎቶ ስትሰናበቱ ደግሞ መስታወቱን በጣታችሁ አትንኩት። ጠዋት እማማ ወልውላዋለች።